ማርሽ የሌለው ካምቢዮና የሰሜን አቀበት

(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር)

በዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መሣሪያ ጠባይ ላስረዳችሁ አስቤአለሁ። መሣሪያው ከሞተር የሚመነጨውን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው የመኪና ካምቢዮ ነው። ዓይነቱም ዛሬ በአገራችን ከሚነዱት ትንንሽ አውቶሞቢሎች በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው፤ በአጭር ስሙ ሲቪቲ የሚባለው ነው። ይህን ነገር ለጋራዥ ሰዎች ብቻ የተተወ ጉዳይ አድርጎ የሚገምት ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ፤ ከደባርቅም አልፎ ወደ መካነ ብርሃን የሚዘልቅ ወይም በሊማሊሞ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ፤ መሪውን ባይጨብጥም እንኳ ሕይወቱን ለመኪናው አደራ ሰጥቷልና ጠባዩን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ነገሩን በዓይኔ ካየሁት ልጀምር። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ በአንዲት ቪትዝ መኪና ተሳፍሬ ነበር። ነጂው ወጣት ነው። ከኋላዬም የወንድማቸውን ለቅሶ ሊደርሱ ወደ መካነ ብርሃን የሚገሠግሡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ወደ ኮሶዬ የሚያደርሰውን አቀበት እንደ ጀመርን፤ ጭነት የከበደው አንድ አይሱዙ ከፊታችን እየተንፏቀቀ መንገዱን ያዘብን። ወጣቱም ሊያልፈው ብሎ የነዳጁን መርገጫ እስከ ወለሉ ድረስ ረገጠው። ሞተሩ በኃይል ጮኸ፤ መኪናዪቱም እያደር ፍጥነት ጨመረችና አለፍን። ይሁን እንጂ ካለፍንም በኋላ፤ ነጂው እግሩን አላልቶ ሳለ፤ ጩኸቱ ወዲያው አልበረደም። «ጋሼ፤ ይህች መኪና ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በዚያን ጊዜ የምመልስለት አልነበረኝም።

ሌላ አይሱዙ መጣ፤ እንደ ፊተኛው ረግጦ አለፈው። ሦስተኛውንም እንደዚሁ አደረገ። አቀበቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ግን መኪናዪቱ ኃይሏ ከዳት፤ በፊቱ ካሉት መብራቶችም አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ወጣቱ አጥብቆ ቢረግጥ መኪናዪቱ የምትሰማው አልሆነችም። ይህን ጊዜ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፤ «ልጄ፤ ይህች ነገር ትንፋሽ አጥሯታል። በቅሎ እንዲህ ስትሆን ጅራፍ አይጨመርባትም፤ ቁምና አስተንፍሳት» አሉት። ወጣቱ ፈገግ አለ፤ ቢሆንም ምክሩን ተቀብሎ ከመንገዱ ዳር ቆመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ መብራቷ ጠፋች፤ በዝግታም ነድተን ሳይመሽ ደባርቅ ገባን። ሽማግሌውም በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ መኪና አገኙ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በሚቀጥለው ሳምንት ወጣቱ መኪናውን ለአንድ ጋራዥ ቢያሳይ፤ «ካምቢዮው ሞቷል፤ ሙሉውን መለወጥ ነው» የሚል ፍርድ ተሰጠው። የተጠየቀው ገንዘብ ከአቅሙ በላይ ስለ ነበረ ወደ ሌላ መካኒክ ሄደ። ይኸኛው ከመፍረዱ በፊት ዘይቱን አፍስሶ ተመለከተ። ዘይቱ ጠቁሯል፤ የማረር ሽታም አለው፤ ከዚህም በላይ ለዚያ ካምቢዮ የተሠራ ዘይት አልነበረም። ተገቢው ዘይት ከተለወጠለት በኋላ መኪናዪቱ እንደ ቀድሞዋ ሠራች።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ነጂው እግሩን ካነሣ በኋላ ሞተሩ ለምን ጮኸ? መኪናዪቱ ተረግጣ ሳለች ለምን ደከመች? ጤናማውን ጠባይ ከሕመም የምንለየው በምንድን ነው? ለእነዚህ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ሁሉ በተለመደው ካምቢዮ ውስጥ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጥርሳም ማርሾች አሉ። ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፤ ከሁለተኛም ወደ ሦስተኛ ያሻግራል። ይህ በደረጃ እንደ መውጣት ነው፤ በአንዱ ደረጃና በሌላው መካከል እግር የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። ሲቪቲ ግን ደረጃ የሌለው ገደል አቋራጭ ዳገት ይመስላል፤ እግር በፈለገበት ላይ ይቆማል። ወደፊት የሚያስኬዱ ጥርሳም ማርሾች በየተራ አይለዋወጡበትም። በእነርሱ ፈንታ ሁለት ፑሌጃዎችና በእነርሱ ላይ የሚዞር አንድ የብረት ቺንጋ አሉት።

የፑሌጃውን መልክ ለመረዳት ሁለት የሞሰብ ክዳኖች አምጥታችሁ ሹል ሹላቸውን ፊት ለፊት አጋጥሙ። በመካከላቸው ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ሸለቆ ይፈጠራል፤ ቺንጋው የሚቀመጠው በዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሁለቱን ክዳኖች ብታቀራርቧቸው ሸለቆው ስለሚጠብ ቺንጋው ተገፍቶ ወደ ውጭ፤ ወደ ሰፊው ዙሪያ ይወጣል። ብታራርቋቸው ደግሞ ወደ ውስጥ፤ ወደ ጠባቡ ዙሪያ ይሰምጣል። አንደኛው ፑሌጃ ከሞተሩ ወገን፤ ሁለተኛው ከጎማው ወገን ነው። የቺንጋው ርዝመት ስለማይለወጥ አንዱ ሲሰፋ ሌላው የግድ ይጠባል። መኪናው ሲነሣ የሞተሩ ወገን ጠባብ፤ የጎማው ወገን ሰፊ ይሆናል፤ ይህም እንደ አንደኛ ማርሽ ጉልበት ይሰጣል። ፍጥነት ሲገኝ ነገሩ ይገለበጣል። ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ያለው ልዩነት እንደየዓይነቱ ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይደርሳል፤ በመካከሉም ቁጥር የሌለው መጠን አለ።

ፑሌጃዎቹን የሚያቀራርባቸውና የሚያራርቃቸው በከፍተኛ ግፊት የሚመጣ ዘይት ነው። ግፊቱን የሚያዝዘው ደግሞ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩም የነጂውን እግር፤ የመኪናውን ፍጥነት፤ የሞተሩን ዙርና የዘይቱን ሙቀት ያለማቋረጥ እየመዘነ ይፈርዳል።

ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። በሆላንድ አገር ሁብ ቫን ዶርነ የተባለው መሐንዲስ የደከመበት ዳፍ 600 የተባለ መኪና እ.ኤ.አ. በ1958፤ ማለትም በእኛ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም.፤ በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ ቺንጋው የጎማ ነበረ። ያ መኪና ወደፊት በሚሄድበት ፍጥነት ልክ ወደ ኋላም ሊሮጥ ይችል ስለ ነበር፤ በሆላንድ የዳፍ መኪኖችን ወደ ኋላ እያስሮጡ ይወዳደሩ ነበር። የጎማው ቺንጋ ግን ብዙ ጉልበት አይችልም። ስለዚህ በመቶ የሚቈጠሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በብረት ቀለበቶች ላይ ተደርድረው የሚሠራው ቺንጋ ተፈለሰፈ። ይህ ቺንጋ እንደ ገመድ በመጎተት ፈንታ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ኃይል ያስተላልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሱባሩ ጀስቲ በተባለው መኪና ላይ ገብቶ ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የጃፓን ፋብሪካዎች በሰፊው ተቀበሉት። ወደ እኛ አገር ከገቡት ቪትዝና ኮሮላ መኪኖች ብዙዎቹ፤ ከራቭ ፎርና ከኒሳን መኪኖችም አንዳንዶቹ ይህን ካምቢዮ የያዙ ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለብዙ ዘመን በማርሽ መኪና የነዳ ሰው ጆሮው አንድ ልማድ አለው፤ ጩኸት ሲጨምር ፍጥነት ይጨምራል፤ ጩኸት ሲቀንስ ወይ ማርሽ ተለውጧል ወይ መኪናው ዘግይቷል። በሲቪቲ መኪና ይህ ልማድ አያገለግልም። ነጂው በኃይል ሲረግጥ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ሞተሩን ብዙ ጉልበት ወደሚሰጥበት ዙር፤ ምናልባት በደቂቃ ወደ 5,000 ዙር፤ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን በዚያው ዙር አቁሞ ፑሌጃዎቹን ብቻ እያንቀሳቀሰ መኪናውን ያፋጥናል። ስለዚህ ድምፁ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ያድጋል። ለጆሮ ግን መኪናው የሚያንሸራትት፤ ሞተሩም ለብቻው የሚደክም ይመስላል።

እግር ሲነሣም እንደዚሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ነጂው አሁን በኃይል እንደ ረገጠ ያውቃል፤ ከአፍታ በኋላም ደግሞ ይረግጥ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። መንገዱ አቀበት ወይም ቁልቁለት መሆኑን ከተረዳማ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ማቆየት ይመርጣል፤ አቀበት ከሆነ ኃይል ዝግጁ እንዲሆን፤ ቁልቁለት ከሆነ ሞተሩ መኪናውን ይዞ እንዲያዘገይ ነው። ስለሆነም ጩኸቱ ወዲያው ባይበርድና ለጥቂት ሰኮንዶች ቢቆይ፤ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ግን እየሰከነ ቢሄድ፤ ይህ የመሣሪያው ተፈጥሮ እንጂ ሕመም አይደለም። በዚህ ብቻ ደንግጦ ለጋራዥ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ያለ ዕዳው ከፈለ ማለት ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በፍጥነት ሲሄዱ ቆይተው በድንገት ፍሬን ይዘው ቢቆሙ፤ ለምሳሌ ከብት መንገዱን ሲያቋርጥ፤ እንደገና ሲነሡ መኪናው እንደ ደነዘዘ አንዳንድ ጊዜ ይከብዳል። ምክንያቱም ቺንጋው ከአንዱ ዙሪያ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ፑሌጃዎቹ ሲዞሩ ነው። መኪናው ቶሎ ከቆመ ቺንጋው ወደ መነሻ ቦታው ሳይመለስ በመንገድ ይቀራል፤ ነገሩ መኪናን በሦስተኛ ማርሽ ለማስነሣት እንደ መሞከር ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በዝግታ ረግጦ ጥቂት ሜትር ማስኬድ ብቻ ነው። አጥብቆ መርገጥ ግን በቺንጋው ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ድካሙ ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ዋና ነገር ይሆናል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ያህል፤ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። በደባርቅ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 70 ያህሉ ነው። ከደባርቅ በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ቧሂት ላይ ሲደርስ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በዚያም ግፊቱ ከመቶ 60 ያህል ብቻ ይቀራል። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋራ አቀላቅሎ በማቃጠል ስለሆነ፤ አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር በደባርቅ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል። ነጂውም ያጣውን ለማግኘት ይበልጥ ይረግጣል፤ ይበልጥ ሲረግጥ ዙሩ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ዙሩ ሲቆይ የካምቢዮው ዘይት ይግላል።

መሞቅ ብቻ አይደለም፤ መቀዝቀዝም ይቸግራል። የሳሳ አየር ከራዲያተር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው። አይሱዙን ተከትሎ በዝግታ በሚወጣ መኪና ላይ ደግሞ በቂ ነፋስ አይነፍስም። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚበርደው በሞተሩ ውሃ ስለሆነ የአንዱ ሙቀት ለሌላው ይተርፋል። የደባርቅ እመቤቶች ሽሮና ባቄላ በቆላ ከሚበስልበት ጊዜ ይልቅ በእነርሱ ዘንድ እንደሚቈይ ያውቃሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ይህ እንዳይደርስ ውሃውን በግፊት የሚይዘው ክዳኑ ነው። ጎማው የደረቀ፤ የማይገጥም ክዳን ያለው መኪና በባሕር ዳርቻ ሳይቸገር ሊነዳ ይችል ይሆናል፤ በሰሜን አቀበት ግን ውሃውን ያፈላል።

ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲግል ምን ይሆናል? በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ሥራዎች ይሠራል። በአንድ ወገን ያለሰልሳል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ብረትና ብረት በታላቅ ግፊት በሚነካኩበት ቦታ ላይ ለአፍታ ጠንክሮ ቺንጋው እንዳይንሸራተት ያስይዛል። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ገመዱን አጥብቆ ካልጨበጠ ገመዱ ያመልጣል፤ ሲያመልጥም መዳፉን ይልጠዋል። ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን የጭብጡ ኃይል ይላላል። ኮምፒዩተሩም ይህ እንዳይደርስ ብሎ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ በብዙ መኪኖችም የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ወጣቱ ነጂ «መኪናዪቱ ከዳችኝ» ያለው ይህን ነው። መኪናዪቱ ግን ራሷን ከጥፋት እየጠበቀች ነበር። በቅሎ ሲጭኑ የኖሩት ሽማግሌ ስለ ኮምፒዩተር ሳያውቁ የፈረዱት ፍርድ ትክክል ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚደረገው ይህ ነው። ጠመዝማዛ ባልሆነና ከኋላ የሚመጣ መኪና በሚያይበት ስፍራ ዳር ይዞ መቆም፤ የእጅ ፍሬን መያዝ፤ ማርሹን በፓርክ ላይ ማድረግ። የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላዘዘ፤ ከራዲያተሩም እንፋሎት የማይወጣ ከሆነ ሞተሩን ወዲያው አለማጥፋት ይሻላል፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚያዞረው ሞተሩ ነውና ሳይረገጥ ሲሠራ ዘይቱ እየበረደ ይሄዳል። እንፋሎት ከታየ ግን ሞተሩን አጥፍቶ መጠበቅ ይገባል፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም። በጋለ ካምቢዮ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። መብራቱ ሲጠፋ ጉዞው በዝግታ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው፤ ጤናን ከሕመም መለየት። ዋናው መለያ የሁለቱ መለኪያዎች ዝምድና ነው። ሜዳ በሆነና ሰው በማይበዛበት መንገድ ላይ ጠንከር አድርጎ መርገጥና የሞተሩን ዙር ከፍጥነቱ ጋራ ማስተያየት ነው፤ መለኪያውን የሚያነበው ከነጂው አጠገብ የተቀመጠ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ዙሩ ከፍ ብሎ ሲቆም ፍጥነቱ ሳያቋርጥ ካደገ መሣሪያው ጤነኛ ነው። ዙሩ በድንገት ዘልሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው፤ ወይም ዙሩ ወጣ ገባ እያለ መኪናው ከተርገፈገፈ፤ ቺንጋው እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላልና ያን ጊዜውኑ እግር ይነሣ። የዙር መለኪያ የሌላት መኪና ላይ ጆሮ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ከአቀበት በኋላ በዝግታ ሲነዱ መኪናው ኮረኮንች ላይ የሚሄድ ያህል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፤ ከፍጥነት ጋራ እየቀጠነ የሚያድግ ፉጨት መሰል ድምፅ ከተሰማ፤ ከፓርክ ወደ ድራይቭ ሲዛወር ዘግይቶ በድንጋጤ የሚነሣ ከሆነ፤ የማረር ሽታ ከወጣ፤ መኪናው መታየት አለበት። ያለ ብዙ ጭነት፤ በሜዳና በብርድ ቀን የማስጠንቀቂያው መብራት ከበራም እንደዚሁ ነው። ቺንጋ አንድ ጊዜ ሲንሸራተት የፑሌጃውን ልስልስ ፊት ይቧጭራል፤ የተቧጨረው ብረት እንደ ዱቄት ሆኖ በዘይቱ ውስጥ ይዞራል፤ ዱቄቱም የግፊቱን መንገድ ይዘጋል፤ ግፊት ሲያንስ ደግሞ ቺንጋው ይበልጥ ይንሸራተታል። ሕመሙ ራሱን የሚመግብ ነውና «ነገ እሄዳለሁ» የሚለውን ሰው አይጠብቀውም።

ይሁን እንጂ ሙሉውን ካምቢዮ ከመለወጥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። ዘይቱ ምን ዓይነት ነው? መጠኑስ በመጽሐፉ በታዘዘው ሙቀት ተለክቷል? ማጣሪያው ታይቷል? በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተመዘገበው የስሕተት ኮድ ተነቧል? ኮዱ ምን ይላል? ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ለሲቪቲ አይሆንም። ቶዮታ ቲሲ ወይም ኤፍኢ፤ ኒሳንም ኤንኤስ 2 ወይም ኤንኤስ 3 እያሉ የሰየሟቸው ዘይቶች እንደየካምቢዮው ተለይተው የተሠሩ ናቸው፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው የመኪናው መጽሐፍ እንጂ በሱቁ ውስጥ የተገኘው ቆርቆሮ አይደለም። ልምድ ያላቸው መካኒኮች አቀበት ለሚበዛበት አገልግሎት ዘይቱ ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥ ይመክራሉ። በእርግጥ ፑሌጃው የተቧጨረ ካምቢዮ በዘይት አይድንም፤ መካኒክም ያልታመመውን ታመመ ብሎ የሚፈርድ ሁሉ አይደለም። ነገር ግን ዘይት ሳያይ የሞት ፍርድ የሚሰጥ መካኒክ ምርመራውን አልጨረሰምና ባለቤቱ ሁለተኛ ምስክር የመፈለግ መብት አለው።

በመንገድ ላይ ለሚደርስ ብልሽትም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአገራችን መኪና ሲቆም አይሱዙ በገመድ አስሮ መጎተት የተለመደ ደግነት ነው። ሲቪቲ ያለው መኪና ግን ኃይል የሚያገኙት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ ሩቅ መንገድ አይጎተትም። ሞተሩ ካልሠራ የዘይቱ ፓምፕ አይሠራም፤ ፓምፑ ካልሠራ ውስጡ ደርቆ ይፋጫል። ኃይል የሚያገኙት ጎማዎች ከመሬት ይነሡ፤ አለዚያም መኪናው በጭነት መኪና ላይ ይጫን። ባትሪ ቢደክምም ገፍቶ ማስነሣት በዚህ ካምቢዮ አይሞከርም።

ስለ አቀበት ይህን ያህል ካልን ስለ ቁልቁለቱም ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በአቀበት የሚጠፋው ገንዘብ ሲሆን በቁልቁለት የሚጠፋው ሕይወት ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የሠሩት የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ቆላ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። በማርሽ መኪና «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚባለው የነባር ሹፌሮች ሕግ በሲቪቲም ይሠራል፤ ማንሻውን «ኤል» ወይም «ኤስ» ወይም «ቢ» ከሚለው ፊደል ላይ ማድረግ ነው። ይህን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፤ መለኪያውም ከፍ ይላል። ይህ ጩኸት የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያጽናና ነው፤ ሞተሩ መኪናውን በልጓም ይዞ እየመለሰ መሆኑን ይነግረናል። ነዳጅ ለመቈጠብ ወይም ጩኸቱን ለማጥፋት ብሎ ማንሻውን በኒውትራል ላይ የሚያደርግ ነጂ ግን ልጓሙን በገዛ እጁ ፈታ ማለት ነው።

ደግሞም ለእያንዳንዱ መንገድ የሚገባው መኪና አለ። በቧሂት አልፎ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደውን መንገድ አይሱዙና ላንድክሩዘር ይወጡታል፤ ከሥሯ ዝቅ ያለችውን ትንሽ አውቶሞቢል ወደዚያ መምራት ግን ከካምቢዮው አስቀድሞ የነጂውን ማስተዋል የሚያጠያይቅ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ብዛት እየጨመረ መጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና በጠቅላላው ፑሌጃና ቺንጋ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ዛሬ የተናገርነው ጉዳይ ከጊዜ ብዛት ታሪክ ይሆን ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን አስቀድመው የገቡት መኪኖች ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ባለቤቶቻቸውም በአብዛኛው በብድርና በእቁብ የገዟቸው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩባቸው ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ካምቢዮ ማዳን የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ማዳን ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ የነገሩ ፍሬ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ውስጥ ጩኸትና ፍጥነት ተለያይተዋልና ጆሮ ብቻውን ዳኛ አይሁን። ከኃይለኛ ርግጫ በኋላ የሚሰማው ጩኸት ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ የሚታየው ድካም ራስን መጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ግን ሕመም ነው። የመጀመሪያውን መታገሥ፤ ሁለተኛውን ማስተንፈስ፤ ሦስተኛውን ሳይዘገዩ ማሳከም ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፤ በአቀበት ላይ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ የረገጠ ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሟል።

ያ ወጣት ነጂ ዛሬም በዚያው መንገድ ይሠራል። ባለፈው ጊዜ አግኝቼው ስለ መኪናው ብጠይቀው፤ «ጋሼ፤ አይሱዙ ከፊቴ ሲሆን አሁን ከኋላው ቀስ እላለሁ፤ ኮሶዬ ስደርስም አስተነፍሳታለሁ» አለኝ። ሽማግሌውን ያስታውሳቸው እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ቃላቸውን ግን ይዞታል።